የተበላው ግድግዳው ነው፦ በፋይበር ግላስ ላይ የላላ የቪቴ ቀዳዳ እንዴት ይጠገናል?

የዛሬው ጉዳያችን ስፋቱ ከአንድ ትንሽ ቀዳዳ አይበልጥም። በፋይበር ግላስ ላይ የገባ ቪቴ አንድ ቀን ካቻቢቴ ሲያርፍበት እዚያው ይዞራል፤ ቢያዞሩት ቢያዞሩት አይጠብቅም። ሳብ ሲያደርጉት በጣት ይወጣል። ይህ ነገር በጀልባ ላይ ያጋጥማል፣ በአውቶቡስ የውስጥ ሽፋን ላይ ያጋጥማል፣ በመኪና መከላከያና በመታጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ላይም እንዲሁ። አብዛኛው ሰው ታዲያ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ወፈር ያለ ቪቴ ገዝቶ በግድ ያስገባል፣ ወይ ክብሪት እንጨት ሰክቶ ያንኑ ቪቴ ይመልሳል። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ቀዳዳው ከበፊቱ ሰፍቶ፣ ዙሪያው ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ምክንያቱም የተበላው ቪቴው አይደለም። የተበላው ቪቴው ይዞት የነበረው ግድግዳ ነው። ስለዚህ መመለስ ያለበትም ግድግዳው ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ፋይበር ግላስ ከምን እንደተሠራ እንይ። ሁለት ነገሮች አሉት፦ ከፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክርና ክሩን አጣብቆ የሚያጠነክረው ሬዚን የሚባል ሙጫ። እ.ኤ.አ. በ1932 ዴል ክላይስት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሁለት የብርጭቆ ጡቦችን በሙቀት ለማጋጠም ሲሞክር፣ የታመቀ አየር የቀለጠውን ብርጭቆ በትኖ ወደ ቀጫጭን ክር ለወጠው። ያልታሰበው ነገር የብርጭቆን ክር በብዛትና በርካሽ የማምረቻ ዘዴ ሆነ። በኋላ ክሩ ከሬዚን ጋር ተዋሕዶ ጀልባ ተሠራበት፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ሼቭሮሌት ኮርቬት የምትባለዋ መኪና የውጭ አካሏ በዚሁ ተሠርቶ ለገበያ ቀረበች።

አሁን ወደ ቀዳዳችን እንመለስ። ፋይበር ግላስ ሲሠራ የብርጭቆው ጨርቅ በሬዚን እየራሰ አንዱ በሌላው ላይ ይነጠፋል። ጥንካሬው በንጣፉ አቅጣጫ ነው፤ በዚያ በኩል ቢጎትቱት ክሩ ይይዛል። ከንጣፍ ወደ ንጣፍ፣ ማለትም በውፍረቱ በኩል፣ ክር የለም፤ ንጣፎቹን ያያያዛቸው ሬዚኑ ብቻ ነው። ሬዚን ደግሞ ብቻውን ሲሆን ተሰባሪ ነው። ቪቴ የሚጎትተው በዚህ በደካማው በኩል ነው። በዚያ ላይ ግድግዳው ብዙ ጊዜ ስስ ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በተለመደው የላሜራ ቪቴ ላይ የሚያገኘው ሁለት ጥርስ ገደማ ነው። ሁለት ጥርስ የያዘውን ነገር በቻርጅ ድሪል አጥብቃችሁ ስትገፉት ሬዚኑ ዱቄት ይሆናል። ወፍራም ቪቴ ሲገባ ምን እንደሚሆን አሁን ግልጽ ነው፤ የቀረውንም ደኅና ንጣፍ እየሰነጠቀ ይገባል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ዕቃው በእርግጥ ፋይበር ግላስ መሆኑን አረጋግጡ። በተለምዶ ሮቶ የምንለው የውኃ ታንከር ለምሳሌ ፋይበር ግላስ አይደለም፤ ፖሊኤቲሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ኢፖክሲም ሆነ ሌላ ሬዚን አይጣበቅበትም፤ ሲደርቅ ተላጦ ይወድቃል። መለየቱ አያስቸግርም። በማይታይ ቦታ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጉት። ፋይበር ግላስ ደረቅ ዱቄት ይሰጣል፤ ፕላስቲክ ግን እየተጠቀለለ ይላጣል። የጀርባውን ገጽ ማየት ከቻላችሁም የፋይበር ግላስ ጀርባ ሻካራ ነው፣ የክሩ መልክ በግልጽ ይታያል።

ቀጥሎ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ቪቴ የሚሸከመው ምንድን ነው? ምሳሌያችንን ከጀልባ እናድርገው። በጣና ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ላይ መንገደኛ የሚያመላልስ የፋይበር ግላስ ጀልባ አስቡ። የመብራቷ ክዳን በቪቴ ቢያዝ ምንም አይደለም፤ ክብደት የለውም። የዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ማጠፊያም፣ ቀዳዳው በወጉ ከተሠራ፣ በቪቴ ይቆማል። ጀልባዋ ወደብ ላይ የምትታሰርበት የገመድ ማሰሪያ ብረትና መንገደኛው ሲሳፈር የሚይዘው መደገፊያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚህ በቪቴ ብቻ መያዝ የለባቸውም። ቀዳዳውን የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብትሞሉት፣ ሰው ክብደቱን የሚጥልበትን ብረት በሁለት ጥርስ ማመን ትክክል አይደለም። እዚህ የሚያስፈልገው ከወዲያ ወዲህ የሚያልፍ ብሎን፣ ከጀርባ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የወፍራም ፋይበር ግላስ ቁራጭ፣ ሮንዴላና ዳዶ ነው። የጀርባው ቁራጭ ጉልበቱን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያከፋፍለዋል። የመንገደኛ ሕይወት ያለበት ነገር ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ እናገረዋለሁ፦ መደገፊያ በቪቴ አይታሰርም።

ሌላው መፈተሽ ያለበት ውስጡ ነው። ብዙ የጀልባ ወለሎችና ጣሪያዎች አንድ ወጥ ፋይበር ግላስ አይደሉም። ከላይና ከታች ስስ ፋይበር ግላስ፣ መሐሉ ኮምፔንሳቶ ወይም ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ነው። የላላ ቪቴ ውኃ ያስገባል፤ ውኃው እንጨቱን እያበሰበሰ ይሄዳል። ቪቴውን ስታወጡት ቡናማ ውኃ ከተከተለው፣ ወይም በቀጭን ፑንታ ስትፈትሹ እርጥብ ጥቁር ፍርፋሪ ከወጣ፣ ብስባሹ ጀምሯል ማለት ነው። በካቻቢቴ እጀታ ዙሪያውን አንኳኩ። ደኅናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። የታፈነው ቦታ ከእጅ መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ ቀዳዳ መሙላት አያድነውም፤ የላይኛው ንጣፍ ተቆርጦ ተነሥቶ እንጨቱ መለወጥ አለበት። ያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ዛሬ አንገባበትም።

ውስጡ ደኅና ሆኖ ቀዳዳው ብቻ ከተበላ ግን ጥገናው በማንም ጠንቃቃ ሰው እጅ ይሠራል። የምትፈልጉት ኢፖክሲ፣ ማወፈሪያ ዱቄት፣ ሲሪንጅ፣ አሴቶን፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ስኮችና ድሪል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስቱኮ መናገር አለብኝ፤ የባትላሜራ ቤት ሁሉ መድኃኒት ስለሆነ። ስቱኮ የተሠራው ለገጽታ ነው፤ የተጎዳ ላሜራን ሞልቶ፣ ተፈግፍጎ፣ ቀለም እንዲቀበል። በውስጡ ያለው ማወፈሪያ በአብዛኛው ለስላሳ የታልክ ዱቄት ነው። ለቪቴ ጥርስ የሚሆን ጥንካሬ የለውም፣ ውኃም ይመጥጣል። በስቱኮ የተሞላ ቀዳዳ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ቪቴ ሲገባበት ግን ይፈረካከሳል። ተራው የፖሊስተር ሬዚንም ቢሆን በደረቀ አሮጌ ፋይበር ግላስ ላይ እንደ ኢፖክሲ አይጣበቅም። የኢፖክሲ ዋጋ ይወደዳል፣ እውነት ነው፤ ግን ለአንድ ቀዳዳ የሚያስፈልገው ጥቂት ጠብታ ነውና ኢፖክሲውን ምረጡ። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ዓይነት ደግሞ ለእርጥብ ቦታ አይሁን፤ ከዘገምተኛው ይልቅ ደካማ ነው፣ ውኃንም አይቋቋምም።

ሥራው እንዲህ ነው። ቪቴውን አውጡና ቀዳዳውን ከቪቴው ሰፋ ባለ ፑንታ አንድ ጊዜ አሳልፉበት፤ ዱቄት የሆነው ሬዚን ተጠርጎ ደኅናው ግድግዳ ይገለጥ። ከመጠን በላይ አታስፉት፣ ግን አትሳሱም፤ አዲሱ ሙሌት የሚጣበቀው በንጹሕና በጠንካራ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። የአፉን ጠርዝ በሰያፍ ጥቂት ክፈቱት። እንዲህ ማድረግ የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን፣ ጄል ኮት የሚባለው፣ ከቪቴው ጋር እየተነሣ እንዳይሰነጠቅ ይከላከላል። መሐሉ እንጨት ከሆነ ደግሞ አንድ ምስማር በቀኝ ማዕዘን አጥፋችሁ ድሪሉ ላይ እሰሩትና በቀዳዳው አስገብታችሁ በቀስታ አዙሩት። በሁለቱ ንጣፎች መካከል ያለውን እንጨት በዙሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ይፍቀዋል። ያ ባዶ ቦታ በኢፖክሲ ሲሞላ፣ ከንጣፎቹ ሥር የሰፋ ተሰክቶ የማይወጣ ውታፍ ይሆናል፤ እንጨቱም ከዚያ ወዲያ ውኃ አያገኘውም።

አቧራውን ጥረጉ፣ በአሴቶን በራሰ ጨርቅ አጽዱ፣ አሴቶኑ ተንኖ እስኪያልቅ ጠብቁ። ቀዳዳው ከጀርባ ክፍት ከሆነና እጅ ከደረሰ በስኮች ድፈኑት።

ኢፖክሲው ከሁለት ዕቃ ይመጣል፦ ሬዚንና ማጠንከሪያ። መጠኑ በየምርቱ ይለያያል፤ አንዱ አምስት ለአንድ ነው፣ ሌላው ሁለት ለአንድ፣ ሌላው እኩል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን በትክክል ለኩ። ጋራዥ ውስጥ ከፖሊስተር ጋር የሠራ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ለፖሊስተር የሚጨመረው ማጠንከሪያ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው፤ በዚያ መጠን ውስጥ ሲበዛ ያፈጥነዋል፣ ሲቀንስ ያዘገየዋል። በኢፖክሲ ይህ አይሠራም። ማጠንከሪያው የውሁዱ ዋና አካል ነው፤ ቢበዛም ቢያንስም ፍጻሜው እንደ ማስቲካ የለሰለሰ፣ ከቶ የማይጠነክር ነገር ነው። ሁለቱን ደኅና አድርጋችሁ፣ የዕቃውን ጥግና ታች እየፋቃችሁ አማስሉ።

መጀመሪያ ምንም ያልተጨመረበትን ቀጭን ኢፖክሲ በትንሽ ብሩሽ ወይም በጆሮ ማጽጃ እንጨት የቀዳዳውን ግድግዳ አርጥቡበት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ወፍራሙ ሙሌት ብቻውን ወደ ግድግዳው አይሰርግም፤ ቀጭኑ ግን በየስንጥቁ ይገባል። ከዚያ ለቀረው ኢፖክሲ ማወፈሪያ ጨምሩ። ለቪቴ ቀዳዳ የሚሻለው የሲሊካ ዱቄት ከደቀቀ የብርጭቆ ክር ጋር ነው። የደቀቀ ክር ካጣችሁ የብርጭቆውን ጨርቅ በመቀስ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር እያደረጋችሁ ቆራርጡት። በጣም ቀላል የሆነውና ለመፈግፈግ የሚመቸው ማለስለሻ ዱቄት ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጥርስ አይዝም። ውሁዱ እንደ ገንፎ ቆሞ፣ ማንኪያው ሲዘነበል የማይወርድ ይሁን። ሲሪንጅ ውስጥ ጨምሩትና ጫፉን እስከ ቀዳዳው ወለል አስገብታችሁ፣ እየሞላ ሲመጣ ወደ ኋላ እየሳባችሁ ሙሉት። ከላይ ብቻ ከተጨመረ አየር ከሥር ይታፈናል፤ ነገ ፑንታው የሚያገኘው ባዶ ቦታ ይሆናል። ጥቂት ትርፍ አስቀሩበት፣ ሲደርቅ ይፈገፈጋል።

ሰዓቱንም ምረጡ። ጠዋት ፀሐይ እየሞቀች ስትሄድ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይስፋፋና በእርጥቡ ኢፖክሲ ውስጥ አረፋ እያደረገ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ከተሞላ አየሩ ይሰበሰባል፣ ሙሌቱም ወደ ውስጥ ይሳባል። ሙቀት የመድረቂያውንም ጊዜ ይወስናል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቀንስ የመጠንከሪያው ጊዜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። በ20 ዲግሪ አካባቢ ለመሰርሰር አንድ ሙሉ ቀን ይበቃዋል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን በሳምንት ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ብርዳማ ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ አምፖል አጠገቡ አብሩለት፤ ለብ ማለት ይበቃዋል።

ጀርባው ክፍት ሆኖ እጅ የማይደርስበት ስስ ግድግዳ ሲያጋጥም የሞላችሁት ሁሉ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ለዚህ ጥሩ ዘዴ አለ። 12 ሚሊ ሜትር ስፋትና 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ስስ የፋይበር ግላስ ቁራጭ አዘጋጁ፤ መሐሏን ብሱና ቀጭን ሽቦ አስሩባት። ቀዳዳውን ቁራጯ በቁመቷ እስክታልፍ ድረስ ብቻ አስፉት። ፊቷን በወፈረ ኢፖክሲ ቀቡ፣ በቀዳዳው አሳልፋችሁ አግድም አዙሯት፣ ሽቦውን ሳቡና ከውጭ በኩል ቀዳዳው ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ ጠምዝዛችሁ አቆዩት። በማግሥቱ ቁራጯ ከጀርባ ተጣብቃ ወለል ሆናለች። ሽቦውን ቆርጣችሁ ቀዳዳውን ሙሉት። ሁለት ጥርስ ብቻ ይይዝ የነበረው ቦታ አሁን እጥፍ ውፍረት አለው።

አዲሱን ቀዳዳ ለመሥራት ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በደረቀው ሙሌት መሐል እንደገና መሰርሰር ነው። እንጨት ላይ እንደለመዳችሁት ቀጭን ፑንታ አትጠቀሙ፤ ጠንካራው ሙሌት አይለጠጥምና ይሰነጠቃል። ለ4.8 ሚሊ ሜትር ቪቴ 4 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጥሩ መነሻ ነው። በቁራጭ ላይ ቀድማችሁ ሞክሩት፦ ቪቴው በእጅ ካቻቢቴ እየጠበቀ መግባት አለበት፣ መታገል ግን የለበትም። ሁለተኛውና እኔ የምወደው መንገድ ሙሌቱ እርጥብ ሳለ ቪቴውን ራሱን ማስቀመጥ ነው። ቪቴውን በመኪና ሰም ወይም በቫዝሊን ጥርሶቹ ውስጥ እስኪገባ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ በቦታው አቁሙት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በካቻቢቴ ፈቱት። ኢፖክሲው የቪቴውን ጥርስ በትክክል ቀርጾ ይይዛል፤ ሰርስሮ ከሚገኘው ጥርስ የተሻለ ነው። ቅባቱ ግን ግድግዳውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ሳይቀባ የቀረ ቪቴ ተጣብቆ ቢቀር ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበትን ካውያ ራሱ ላይ አስደግፉ። ሙቀቱ ኢፖክሲውን ያላላዋል፣ ቪቴው ይወጣል።

የክብሪት እንጨቱንና የስቲኪኒውን ዘዴ ፈጽሞ አልጥልም። ውኃ በማይደርስበት፣ ምንም በማይሸከም ቦታ፣ ለምሳሌ በአውቶቡስ የውስጥ ሽፋን ላይ፣ ስቲኪኒውን በኢፖክሲ ነክራችሁ ብትሰኩት ይሠራል። ደረቁን ከሰካችሁት ግን እርጥበት ይመጥጥና ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ይላላል።

ጥንቃቄውን አቅልላችሁ እንዳታዩት። የፋይበር ግላስ ብናኝ ሳንባንና ቆዳን ያስቆጣል፤ ስትፈገፍጉና ስትሰረስሩ ማስክ፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ኢፖክሲ በባዶ እጅ አይነካም። ዛሬ ምንም የማይል ቆዳ ከተደጋገመ አለርጂ ይይዘዋል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይለቅም። እጃችሁን በአሴቶን አትታጠቡ፤ ኬሚካሉን ወደ ቆዳ ያሰርገዋል። ሳሙናና ውኃ ይበቃል። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሲጋራና እሳት ይራቁ። የፖሊስተር ማጠንከሪያ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፤ ቶሎ ብላችሁ በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ አጥባችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ብዙ ኢፖክሲ በአንድ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ከተቀላቀለ ራሱን አሙቆ ሊጨስ ይችላል፤ ጥቂት በጥቂት ቀላቅሉ፣ የተረፈውን ከቤት ውጭ ሰፊ ነገር ላይ ዘርግታችሁ ይድረቅ፣ ከዚያ ይጣል።

ሙሌቱ ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅባት የመሰለ ስስ ነገር ሊታይ ይችላል። በብርጭቆ ወረቀት ከመነካቱ በፊት በውኃና በሻካራ ስፖንጅ ይታጠብ፤ አለበለዚያ ቀለም አይቀበልም።

ቪቴው ወደ ቦታው ሲመለስ በራሱ ሥር ማሸጊያ ይደረግለት። ሲሊኮን ሁሉም ቤት አለ፤ ነገር ግን ፋይበር ግላሱ ላይ የሚተወው ቅባት በኋላ ቀለምም ኢፖክሲም አያስይዝም። የመኪና መስተዋት የሚጣበቅበት ፖሊዩሬታን ይሻላል፤ ለወደፊቱ የሚፈታ ዕቃ ከሆነ ግን በስሱ ይደረግ፣ በጣም ይይዛልና። ቪቴው የማይዝግ ብረት ይሁን። የማይዝግ የሚባለው ብረትም ቢሆን አየር በማያገኝበት እርጥብ ቀዳዳ ውስጥ ይበላል፤ ማሸጊያው የሚደረገው ለፋይበር ግላሱ ብቻ ሳይሆን ለብረቱም ነው።

የመጨረሻው ማጥበቅ በእጅ ካቻቢቴ ይሁን፤ ድሪሉ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ቪቴው ተቀምጦ ማሸጊያው በጠርዙ ጥቂት ብቅ ሲል ይበቃል። ጀልባዋ በሞተር ስለምትንቀጠቀጥ የመጀመሪያው ወር ሳያልፍ ሁሉንም ቪቴዎች አንድ በአንድ ፈትሹ። አንዱ ብቻውን ከላላ ቀዳዳው በደንብ አልተሞላም፤ አውጥታችሁ ድገሙት። አንድ ዕቃ የያዙት ሁሉ አብረው ከላሉ ግን ጭነቱ ለቪቴ በዝቷል፤ ያንን ቦታ ወደ ብሎንና ዳዶ ለውጡት።